አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ ጥሎት ለሚሄደው ሕመም የትኛው መድኃኒት ለማን? የንጽጽር መመሪያ

ውሃ የቋጠረው ፈርጦ፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ቆዳው ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው። ግንባሩ ግን አሁንም ይቃጠላል። የነጠላ ጫፍ ሲነካው ይፈጀዋል፣ ንፋስ ሲመታው ይዘገንነዋል፣ በዚያ በኩል ማበጠሪያ ማስጠጋት አይታሰብም። አልማዝ ባለጭራ ከወጣ 3 ወር አልፎ ይህ ስሜት ካልለቀቀ ሐኪሞች ፖስት ሄርፔቲክ ኒውራልጂያ ይሉታል። ቁስሉ ድኗል፣ ነርቩ ግን አልዳነም።

ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፤ ታማሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። መድኃኒቶቹ ሕመም በማስታገስ የሚበላለጡት በጥቂቱ ነው። በሚያስከትሉት ጉዳት ግን በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስኑት የታማሚው ኩላሊት፣ ልብ፣ ፕሮስቴት፣ ዓይንና ቀድሞ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። «ሞክሬው አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥም ብዙዎቹ የሞከሩት ትንሹን መጠን፣ ያውም ለ10 ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የተጻፉት መጠኖች ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንዲረዱ ነው፤ ሁሉም በሐኪም ማዘዣ የሚወሰዱ ናቸው።

በመጀመሪያ ሕመሙን መለየት

በልጅነት የሚይዘን ጉድፍ፣ ሐኪሞች ቫሪሴላ የሚሉት፣ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። በነርቭ ሥር ባሉ ቋጠሮዎች ውስጥ ተኝቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነቃና በነርቩ መስመር ወደ ቆዳ ይወርዳል። ፊት ላይ መስመሩ ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ነው። ሦስት ቅርንጫፎች አሉት፦ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና የላይኛው ከንፈር፣ ሦስተኛው ወደ አገጭና የታችኛው መንጋጋ። ቫይረሱ አብዝቶ የሚያጠቃው የግንባሩን ነው። ሽፍታው በአንድ ወገን ብቻ ወጥቶ ግንባር መሐል ላይ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም ለዚህ ነው።

አንድ የስም መምታታት አለ። «የፊት ነርቭ» ተብሎ በቀጥታ የሚጠራው ሌላ ነርቭ ነው። እሱ የፊት ጡንቻን ያንቀሳቅሳል፣ የፊት ቆዳ ስሜትና ሕመም ግን በዋናነት የሚተላለፈው በትራይጀሚናሉ ነው። ጆሮ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶ አፍ ከተጣመመና ዓይን አልከደን ካለ፣ ቫይረሱ የያዘው ያኛውን ነርቭ ነው። ይህ ራምሴ ሀንት ይባላል፤ ፀረ ቫይረስና ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ) ቶሎ፣ በተቻለ መጠን በ72 ሰዓት ውስጥ ይፈልጋል። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ እያሹ ሳምንት ማሳለፍ የማይታረም ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀረውን ሕመም ተራው የትራይጀሚናል ሕመም ከሚባለው መለየት ደግሞ የመድኃኒት ምርጫውን ከሥሩ ይቀይረዋል። ተራው እንደ መብረቅ ይመጣል፤ ከሰከንዶች እስከ 2 ደቂቃ ይቆይና ይለቃል፤ በመሐል ምንም የለም። ሲያኝኩ፣ ጥርስ ሲቦርሹ፣ ሲያወሩ ይቀሰቀሳል፤ ቆዳው ላይ ምልክት አይታይም። የእኛው ግን ቀኑን ሙሉ ይቃጠላል፤ በላዩ ላይ አልፎ አልፎ ይወጋል። ቦታው በከፊል ደንዝዟል፣ በከፊል ደግሞ ነክተውት አይነካም። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ታማሚውን ግራ ያጋባዋል፤ «ደንዝዞ እንዴት ያመኛል?» ይላል። ከቆዳው መልእክት የሚያመጡት የነርቭ ክሮች ከፊሎቹ ሞተዋል፣ የተረፉት ደግሞ ያለ ምክንያት ይጮኻሉ።

ሕመሙ ከሽፍታው 2 ወይም 3 ቀን ቀድሞ መንጋጋ ላይ ሲጀምር ከጥርስ ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ጤነኛ ጥርሱን አስነቅሎ በማግሥቱ ፊቱ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ስለ ዓይን አንድ ነገር እንበል። ሽፍታው የአፍንጫ ጫፍ ወይም ጎን ላይ ወጥቶ ከነበረ ዓይንም የመነካት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከወራት በኋላም ቢሆን ዓይን ከቀላ፣ ብርሃን ከከበደው ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት አለበት። የዓይኑ መስታወት ደንዝዞ ስለሚሆን አቧራ ገብቶ ሲቧጭረው ላይሰማ ይችላል፤ «አያመኝም» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ከጎረቤት ተውሶ መጨመር ደግሞ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን ወይስ ጋባፔንቲን?

ኢትዮጵያ ውስጥ ምርጫው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለሌላ በሽታ ነው፦ አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ፣ ጋባፔንቲን ለሚጥል በሽታ። ይህን አስቀድሞ አለመንገር ስንቱን መድኃኒት አስጥሏል። ታማሚው በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነባል፣ ወይም መድኃኒቱን የምትሰጠው ልጅ «የጭንቀት ነው» ትለዋለች፤ እሱም «ሐኪሙ አእምሮህን ነው የሚያምህ እያለኝ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ከሚሰጠው ብዙ ያነሰ ነው። ሥራውም ከአንጎል ወደ ታች እየወረደ የሕመምን መልእክት የሚያፍነውን መስመር ማጠናከር ነው። ድባቴ የሌለበትን ሰውም ሕመም ያስታግሳል።

አሚትሪፕቲሊን የሚጀመረው በ10 ሚሊግራም፣ ማታ ብቻ ነው። የ10 ሚሊግራሙ ፍሬ በማይገኝበት ፋርማሲ የ25ቱ ግማሽ ይወሰዳል። በየሳምንቱ በ10 ወይም በ12.5 እየጨመሩ ይኬዳል፤ ብዙ ሰው የሚረካው ከ25 እስከ 75 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ነው። ሰዓቱ ከመጠኑ እኩል ዋጋ አለው። ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው 2 ሰዓት ላይ ቢውጠው ጠዋት ጭንቅላቱ ቀለል ብሎት ይነሳል። አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ 5 ሰዓት ላይ የሚውጠው ነው እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲፈዝ የሚውለው፤ እሱም መድኃኒቱን ይወቅሳል። እንቅልፍ በጥቂት ቀን ውስጥ ይስተካከላል፣ ሕመሙ ግን ለመቀነስ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ሠራ ወይም አልሠራም ብሎ ለመፍረድ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። አፍ ይደርቃል፤ ታማሚው ለማርጠብ ከረሜላ ይመጥጣል፣ ጥርሱም ይበላሻል። ስኳር የሌለው ማስቲካና ቶሎ ቶሎ ጥቂት ውሃ ይሻላል። ሆድ ይደርቃል፤ ተልባ እዚህ ላይ በእርግጥም ይጠቅማል። ሌሊት ለሽንት በድንገት የሚነሳ አዛውንት ደሙ ወርዶ ይወድቃል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጦ መነሳት አለበት። ከነዚህ የሚከብዱ ደግሞ አሉ። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ሽንቱ ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። ጠባብ ማዕዘን ያለው ግላኮማ ያለበት ሰው የዓይን ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። በግንባር በኩል ቫይረሱ ያጠቃው ሰው ደግሞ ዓይኑ ቀድሞውኑ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ለእሱ የሩቅ ሥጋት አይደለም። የልብ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት ሳይጀምር ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳ፤ በቅርብ የልብ ድንገተኛ ሕመም ያጋጠመው ሰው ጭራሽ አይጀምረው። ጫት የልብ ምት ስለሚያፋጥንና እንቅልፍ ስለሚነሳ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማማም። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ከተዋጠ ገዳይ ነው፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ጋባፔንቲን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ በነርቭ ጫፍ ያለውን የካልሲየም በር ጠበብ አድርጎ መልእክቱን ይቀንሳል። በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. 2002 ነው። አጀማመሩ በመጀመሪያው ቀን ማታ 300 ሚሊግራም፣ በሁለተኛው ቀን 300 ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው 300 ሦስት ጊዜ ነው። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን መቆየት ማዞርን ይቀንሳል። 900 ሚሊግራም መድረስ ጅማሬው ነው። ግቡ በቀን 1800 አካባቢ ነው፤ ጣሪያው 3600።

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። 300 ጠዋትና ማታ ታዞለት፣ ቀጠሮው ሩቅ ሆኖ፣ በዚያው ለ4 ወር ይቆይና «ጋባፔንቲን አይረባም» ይላል። አልሞከረውም። በ1200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በተደረጉ ጥናቶች ሕመማቸው በጉልህ፣ ማለትም በግማሽ ያህል የቀነሰላቸው ከ100 ሰው 32 ያህሉ ናቸው፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 17። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይናገራል፦ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም። በአሚትሪፕቲሊን ጥናቶች የታየው ውጤት ከዚህ ሻል ያለ ነው፤ ነገር ግን ጥናቶቹ የቆዩና ጥቂት ሰው የተሳተፈባቸው ስለሆኑ ብልጫው በእውነት ያን ያህል ነው ብሎ መማል አይቻልም።

ሌላው ጠባዩ ይህ ነው፦ አንጀት ጋባፔንቲንን የሚያስገባበት በር ጠባብ ነው። በቀን 900 ከተወሰደ 60 በመቶ ያህሉ ይገባል፤ 3600 ከተወሰደ ግን አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ። ስለዚህ «ጠዋት የረሳሁትን ማታ ደርቤ ልዋጥ» አይሠራም፤ የገባው ማዞሩን ይጨምራል፣ የተቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል። በሦስት መከፈሉ ለዚህ ነው። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ የሚገባውን የበለጠ ይቀንሰዋል፤ በመካከላቸው 2 ሰዓት ይኑር።

ከሰውነት የሚወጣው በሙሉ በኩላሊት ነው። ስኳር ወይም ግፊት ለዓመታት የኖረበት ሰው ሳይጀምር ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመር። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊሊትር በታች ከወረደ የቀን መጠኑ ከ400 እስከ 1400 ሚሊግራም ባለው ይወሰናል፤ ከ15 እስከ 29 ከሆነ ደግሞ ከ200 እስከ 700፣ ያውም በቀን አንዴ፤ ከ15 በታች ከወረደ ከዚያም ያነሰ። ይህ ሳይታይ ሙሉ መጠን የተሰጠው ሰው ሲንገዳገድ፣ ሲቃዥ፣ ምላሱ ሲተሳሰር ቤተሰቡ ስትሮክ መሰለው ብሎ ይደነግጣል። እግር ማበጥም አለ፤ ልብ ወይም ኩላሊት ተበላሸ ከማለት በፊት ይህ መድኃኒት ይታሰብ።

ጋባፔንቲን ያለ ተቀናቃኝ የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። ጉበት ስለማይነካው በጉበት በኩል ከሚያልፉ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር አይጋጭም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን አሚትሪፕቲሊንን ከደም ውስጥ ያጎድላል፤ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ ያበዛዋል። ጋባፔንቲን ከሁለቱም ጋር በሰላም ይኖራል። በነገራችን ላይ ዕድሜው ገና የሆነ ሰው አልማዝ ባለጭራ ከወጣበት የኤችአይቪ ምርመራ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ሰውን ለመጠርጠር ሳይሆን የመከላከል አቅሙን ለማወቅና መድኃኒቱንም በትክክል ለመምረጥ።

የኪስ ነገርም አለ። አሚትሪፕቲሊን በ25 ሚሊግራም መጠን በወር 30 ፍሬ ነው። ጋባፔንቲን በ1800 መጠን በቀን 6 እንክብል፣ በወር 180 ነው። በከነማ ወይም በቀይ መስቀል ፋርማሲ ሲገኝ ከግል ፋርማሲ ሊቀል ይችላል፤ ግን ወሩን ሙሉ የሚበቃ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይጀመርም፤ በመሐል በድንገት ማቋረጥ ራሱ ችግር ያመጣል።

ጾምን በተመለከተ፣ አሚትሪፕቲሊን ማታ አንዴ ስለሆነ ለማንኛውም ጿሚ ይመቻል። ጋባፔንቲን በረመዳን ሦስት ጊዜ መክፈል አይቻልም፤ ኢፍጣር ላይ፣ ከመተኛት በፊትና ሱሁር ላይ ቢደረግ እንኳ ቀኑን ሙሉ ክፍተት ይኖራል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ማድረግ ይችላል። ያለ ምግብ ቢዋጥ ችግር የለውም፤ ሰው የሚቸገረው ውሃው ላይ ነው። ይህን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር መድኃኒቱን በድብቅ ከመዝለል ይሻላል።

እንግዲህ እንዲህ ይለያል። ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ ፕሮስቴት ወይም ግላኮማ ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ፦ ጋባፔንቲን። ኩላሊቱ የደከመ፣ ልቡ ጤነኛ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ እንክብል መቁጠር የሚሰለቸው ወይም የገንዘብ አቅም ያነሰው፦ አሚትሪፕቲሊን። ሁለቱም ለየብቻ በቂ መጠን ተሞክረው ግማሽ መንገድ ላይ ከቀሩ የሁለቱን ትንሽ ትንሽ መጠን ማጣመር ይቻላል፤ እንቅልፉ ግን ይደራረባል። ጠላም ይሁን አረቄ በዚህ ላይ ከተጨመረ ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል። መኪና የሚነዳ ሰው መጠኑ በተጨመረ ሳምንት መሪ አይጨብጥ።

ፕሪጋባሊን

የጋባፔንቲን ወንድም ነው፤ የሚሠራበት ቦታም ያው ነው። ልዩነቱ አንጀት እንደልብ ያስገባዋል፤ ከ90 በመቶ በላይ። ስለዚህ መጠን ሲጨመር ውጤቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ በቀን ሁለቴ መውሰድም ይበቃል። አጀማመሩ 75 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ለአዛውንት ማታ 25 ወይም 50 ይቀላል። በሳምንት ውስጥ ወደ 150 ሁለት ጊዜ ይደረሳል። ኩላሊትን በተመለከተ ጥንቃቄው እንደ ጋባፔንቲን ነው፤ እግር ማበጥና ክብደት መጨመርም አለ።

በጋባፔንቲን ሙሉ መጠን ያልተሻለው ሰው በፕሪጋባሊን ብዙ ለውጥ ላያይ ይችላል። ሦስት ጊዜ መዋጥ ያቃተው፣ ወይም በረመዳን የሚቸገር ግን ይጠቀማል። ከሁለቱ አንዱ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ትርጉም የለውም።

ካርባማዜፒን፦ የተሳሳተ ቦታ ላይ የሚገኝ ጥሩ መድኃኒት

ማዘዣ ላይ «ትራይጀሚናል» የሚል ቃል ሲታይ ካርባማዜፒን ተከትሎ ይመጣል። ለተራው፣ እንደ መብረቅ ለሚመጣው ሕመም ተወዳዳሪ የለውም። ቀኑን ሙሉ ለሚያቃጥለው የአልማዝ ባለጭራ ሕመም ግን የሚረዳበት ማስረጃ ደካማ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፦ ሶዲየም ያወርዳል፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል፣ አልፎ አልፎ ቆዳን የሚልጥ አደገኛ ሽፍታ ያመጣል። በአገራችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አሁን በስፋት የሚሰጠውን የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ከደም ውስጥ ያጎድለዋል። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ካርባማዜፒን ሲታዘዝለት ለሁለቱም ሐኪሞች መናገር አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክማል።

ለዚህ ሕመም የማይጠቅሙት

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእብጠት ሕመም ናቸው፤ እዚህ እብጠት የለም። በየሳምንቱ የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ከመጉዳት ያለፈ ነገር አያመጣም። የቫይታሚን ቢ መርፌ «ለነርቭ» እየተባለ ይሰጣል፤ የቫይታሚን እጥረት ለሌለበት ሰው ይህን ሕመም እንደሚያስታግስ አልታየም። ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። አሲክሎቪር ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው፤ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። ከ3 ወር በኋላ ግን የሚገድለው ነገር አያገኝም።

ቆዳ ላይ የሚደረጉ

የሊዶካይን ልጣፊ፣ 5 በመቶው፣ ለአዛውንት ምናልባት ከሁሉም የዋህ ምርጫ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ እንቅልፍም ማዞርም አያመጣም። አገር ቤት እንደልብ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ ዘመድ የሚልከው ነው። ፊት ላይ ሲደረግ እንዲህ ነው፦ ሽፋኑ ሳይላጥ ልጣፊው በመቀስ በሚያመው ቦታ ልክ ይቆረጣል፤ ንጹሕ፣ ደረቅና ቁስል በሌለው ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ 12 ሰዓት ቆይቶ ይነሳል፤ ቆዳው 12 ሰዓት ያርፋል። ከዓይን ሽፋሽፍት ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ፤ ዓይን ላይ ከወረደ ያደነዝዘዋል። ግንባሩ የሚያልበው ሰው ቀን ይወልቅበታል፤ ሌሊት ቢያደርገው ይሻላል። የተጠቀሙበትን አጥፎ መጣል ነው፤ በውስጡ ብዙ መድኃኒት ስለሚቀር ሕፃን ካኘከው አደጋ ነው።

ከቃሪያ የሚሠራው ካፕሳይሲን ሁለት መልክ አለው። 8 በመቶው ልጣፊ ፊት ላይ አይደረግም፤ ውይይት የለውም። 0.075 በመቶው ቅባት በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ከዚያ ያደነዝዛል። መንጋጋና አገጭ ላይ የሚያም ሰው ሊሞክረው ይችላል። ግንባሩን ለሚያመው አንመክርም፤ በላብ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ መቀባት ደግሞ መጠኑ የማይታወቅ ካፕሳይሲን ቆዳ ላይ ማፍሰስ ነው።

ዋጋ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። የተጎዳው ነርቭ የሚጮኸው በላዩ ላይ ሲሄዱበት ነው፤ ጠበቅ ብሎ የማይንቀሳቀስ ጫና ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ወዲያ ወዲህ የሚል ነጠላ የማያስቀምጣት ሴት፣ ለስላሳ ሻሽ ግንባሯ ላይ ልክክ አድርጋ ስታስር ልትተርፍ ትችላለች። ትራስ ላይም ከሻካራ ጥጥ ይልቅ ልሙጥ ጨርቅ ይደረግ። በደነዘዘ ቆዳ ላይ በረዶ በቀጥታ አይያዝ፤ ሳይሰማ ያቃጥላል።

ትራማዶል፣ እና ሻንጣ ውስጥ ያለ መድኃኒት

ትራማዶል ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብ የሚጥል በሽታው አደጋ ይጨምራል። ሌሎቹ መሥራት እስኪጀምሩ ለጥቂት ሳምንታት፣ በትንሽ መጠን፣ በሐኪም ክትትል ብቻ።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ትራማዶልና ፕሪጋባሊን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ማዘዣና ፈቃድ በሻንጣ መገኘታቸው ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ለሰው አደራ ተብሎ የተላከም ቢሆን ያው ነው። ለሥራ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ ብዙ ሳምንታት በፊት ወደ አሚትሪፕቲሊን መቀየርን ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይቀለዋል፤ በማንኛውም መድኃኒት ግን ማዘዣውንና የሐኪም ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ይያዝ። በብሪታንያም ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ እ.ኤ.አ. ቁጥጥር ውስጥ ገብተዋል።

መርፌና ቀዶ ሕክምና

ከቅንድብ በላይ የሚወጣውን ነርቭ በመርፌ ማደንዘዝ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ፋታ ይሰጣል። ክኒን መውሰድ ላልቻለ ሰው ሕመም ሕክምና የሚያውቅ የማደንዘዣ ሐኪም ጋ መሄድ ተገቢ ነው። የደም ሥርን ከነርቭ ላይ የሚያላቅቀው የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ግን ለተራው የትራይጀሚናል ሕመም እንጂ ለዚህ አይደለም። ነርቩን መቁረጥ ወይም ማቃጠል የባሰውን ያመጣል፦ ሙሉ በሙሉ የደነዘዘ፣ ሆኖም ሌት ተቀን የሚያም ፊት።

መለካት፣ መቀየር፣ ማቆም

ደብተር ይያዝ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መጻፍ ነው፤ ጎኑ ላይ የተዋጠው መጠን። ከ8 ወደ 5 ወይም 6 መውረድ ሐኪሞች ውጤት የሚሉት ነው፤ ዜሮን የሚጠብቅ ሰው የሚሠራለትን መድኃኒት ይጥላል። ሌላው መለኪያ ቁጥር የለውም፦ ፊት መታጠብ ተቻለ ወይ? በዚያ ጎን ትራስ ላይ መተኛትስ?

መቀየር የሚያስፈልገው ወይ ጉዳቱ ሲበዛ ወይ ሊቻል የሚችለው ከፍተኛ መጠን ላይ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይቶ ለውጥ ሲጠፋ ነው። ሲቀየርም አንዱ በአንድ ጀምበር አይቆምም፤ አሮጌው እየተቀነሰ አዲሱ ይጨመራል።

ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው ተብሎ አይወሰን። 3 ወር ያህል ደህና ከተከረመ መቀነስ ይሞከራል። ጋባፔንቲን በየሳምንቱ 300 ሚሊግራም፣ አሚትሪፕቲሊን በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ይወርዳል። በድንገት ያቆመ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ያልበዋል፣ ይቅበጠበጣል፤ ያንን የበሽታው መመለስ አድርጎ ይወስደዋል። በዝግታ ሲቀነስ ሕመሙ በእውነት ከተመለሰ መጨረሻ ወደሠራው መጠን ተመልሶ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ እንደገና መሞከር ነው።